ጠጣር በረዶ እንዴት ይፈስሳል? ከእርሱ የሚጠነክረውን ዐለትስ እንዴት ይቦረቡራል?

መልክዐ ምድር ወዳድ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ግግር በረዶ የሚያስረዱ ጽሑፎችን በተከታታይ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ሦስት ጉዳዮች እርስ በርሳቸው አልገጣጠም ብለውኛል። አንደኛ፣ በረዶ በመዶሻ ሲመታ የሚሰባበር ጠጣር አካል ሆኖ ሳለ ከተራራ ወደ ሸለቆ የሚፈስስበት መንገድ ግልጽ አልሆነልኝም። ሁለተኛ፣ በአልፕስም ሆነ በሂማላያ ያሉ ግግር በረዶዎች ጫፋቸው ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየሸሸ እንደሆነ ይነገራል፤ ይህ ከሆነ በረዶው የሚጓዝበት አቅጣጫ ተለውጦ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነውን? ሦስተኛ፣ በረዶ ከግራናይት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ለስላሳ ነው። ለስላሳው ጠንካራውን ፈልፍሎ ጥልቅ ሸለቆ ሊያበጅ የቻለው በምን ኃይል እንደሆነ ማወቅ እሻለሁ። ጉዳዩን በሙያም ሆነ በንባብ የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ድንጋይ አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ። ከአፈጣጠሩ ብነሣ የሚፈስስበትም ምክንያት አብሮ ይገለጣል ብዬ አምናለሁ። ግግር በረዶ የኩሬ ውሃ በብርድ ሲረጋ የሚሠራው ዓይነት በረዶ አይደለም፤ እንደ ባዘቶ ሆኖ የሚወርደው አመዳይ ዓመት በዓመት ላይ ተደራርቦ በራሱ ክብደት ሲጨፈለቅ የሚገኝ ነው። በብርዱ ወራት የወረደውን አመዳይ የሙቀቱ ወራት ጨርሶ ሳያቀልጠው ከቀረና ይኸው ለረዥም ዘመን ከተደጋገመ ክምችቱ እየወፈረ ይሄዳል። ለዚህም ብርድ ብቻውን አይበቃም። በምሥራቅ ሳይቤሪያ የሚገኙ ዝቅተኛ ሥፍራዎች በዓለም እጅግ ብርዳማ ከሚባሉት መካከል ቢሆኑም የሚወርድባቸው አመዳይ ጥቂት ስለሆነ ግግር በረዶ የላቸውም፤ በአንጻሩ በኒውዚላንድ የሚገኘው የፍራንዝ ጆሴፍ ግግር በረዶ፣ ከባሕር የሚነሣው እርጥበት በተራራው ላይ በብዛት ስለሚራገፍለት፣ ከባሕር ወለል በላይ ጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ ከፍ ወዳለና በደን ወደተከበበ ሥፍራ ድረስ ይወርዳል።

አዲስ የወረደ አመዳይ አብዛኛው ክፍሉ አየር ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ከላይ ሌላ ሲጫነው የብናኞቹ ሹል ጫፎች እየጠፉ ክብ ክብ ቅንጣቶች ይሆናሉ፣ ቅንጣቶቹም ይጠጋጋሉ፣ እርስ በርስም ይያያዛሉ። ቢያንስ አንድ የሙቀት ወቅት አልፎት ገና አየር የሚያሳልፈው ይህ ሻካራ ክምችት ፊርን ይባላል። የአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት ወደ 830 ኪሎ ግራም ሲጠጋ በቅንጣቶቹ መካከል የነበሩት መተላለፊያዎች ይዘጋሉ፣ የቀረውም አየር በአረፋ መልክ ታስሮ ይቀራል፤ በትክክል ግግር በረዶ የምንለው ከዚህ ደረጃ በኋላ ያለውን ነው። የአየሩ ሙቀት ወደ መቅለጫው ነጥብ በሚጠጋባቸው ተራሮች ላይ ይህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ወይም በጥቂት አሥርተ ዓመታት ይፈጸማል። በአንታርክቲካ መሐል ግን አመዳዩ እጅግ ጥቂት፣ ብርዱም እጅግ ጽኑ ስለሆነ ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። እግረ መንገዴን ላንሣውና፣ በአረፋዎቹ ውስጥ የታሰረው አየር የዘመኑን ከባቢ አየር ይዞ ስለሚቆይ ከአንታርክቲካ ተቆፍሮ በወጣ በረዶ የ800,000 ዓመታትን የአየር ይዘት ለመለካት ተችሏል።

አሁን ወደ መፍሰሱ ልለፍ። መዶሻ በረዶን የሚሰብረው ኃይሉ በቅጽበት ስለሚያርፍበት ነው፤ ያው በረዶ ለወራትና ለዓመታት የማያቋርጥ ጫና ሲያርፍበት ግን ሳይሰበር ቅርጹን ይለውጣል። በእያንዳንዱ የበረዶ ክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎቹ በንጣፍ በንጣፍ ተደርድረው ይገኛሉ፤ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ በዝግታ ይንሸራተታል፣ የዚህ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ድምርም ግዙፉን ክምችት ወደ ታች ያስኬደዋል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ግሌን በ1950ዎቹ ባካሄዳቸው የላቦራቶሪ ሙከራዎች፣ ጫናው በእጥፍ ሲያድግ በረዶው ቅርጹን የሚለውጥበት ፍጥነት ወደ ስምንት እጥፍ ያህል እንደሚያድግ አሳይቷል። ከዚህ የተነሣ ውፍረት ወሳኝ ነገር ነው። ስስ የሆነ በረዶ በተዳፋት ላይ ሳይነቃነቅ ሊቆይ ይችላል፤ ውፍረቱ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሜትሮች ሲሞላ ግን በገዛ ክብደቱ መጓዝ ይጀምራል። የላይኛው ከ30 እስከ 40 ሜትር የሚሆነው ክፍል ከበላዩ የሚጫነው በቂ ክብደት ስለሌለ እንደ ጠጣር ይሰነጠቃል፤ ተራራ ወጪዎች የሚፈሯቸው ጥልቅ ንቃቃቶች በዚህ ክፍል ውስጥ የሚፈጠሩትም ለዚህ ነው። ስለዚህ የመሰባበሩም የመፍሰሱም ነገር እውነት ነው፤ የላይኛው ሲሰበር የታችኛው ይፈስሳል።

ይህን በዓይን ካሳዩት ምልከታዎች ሁሉ እኔ የማደንቀው በስዊዘርላንድ በሮን ግግር በረዶ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1874 ጀምሮ የተካሄደውን ነው። ቀለም የተቀቡ ድንጋዮች ከሸለቆው አንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር በቀጥታ መስመር ተደረደሩና በየዓመቱ ያሉበት ቦታ ተለካ። መስመሩ ቀጥ ብሎ አልቆየም፤ መሐሉ እየቀደመ፣ ዳርና ዳሩ እየዘገየ ወደ ቁልቁለቱ ተለጠጠ፣ ይህም የሆነው በዳር ያለው በረዶ ከዐለቱ ግድግዳ ጋር ስለሚታገል ነው።

ከውስጣዊው መፍሰስ ሌላ ሁለተኛ የጉዞ ስልት አለ፤ እርሱም በወለሉ ላይ መንሸራተት ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣው ሙቀትና ሰበቃው የሚፈጥረው ሙቀት ከበረዶው ሥር ይጠራቀማሉ። በዚያ ላይ ጫና የበረዶን መቅለጫ ነጥብ ዝቅ ያደርጋል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በሚወፍር በረዶ ሥር መቅለጫው ከዜሮ በታች 0.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሆናል። በረዶው የዐለት ጉብታ ሲገጥመው ከጉብታው ፊት ጫናው ስለሚበረታ ይቀልጣል፣ ውሃውም ዞሮ ከጉብታው ጀርባ ጫናው በሚላላበት ሥፍራ መልሶ ይረጋል፤ እንዲህ እያለ እንቅፋቱን ያልፋል። በሙቀት ወራት ከገጹ የሚቀልጠው ውሃ በንቃቃቶቹ በኩል እስከ ወለሉ ሲደርስ ደግሞ ውሃው በረዶውን ከዐለቱ በመጠኑ ስለሚያላቅቀው ጉዞው ይፈጥናል። ብዙዎቹ የተራራ ግግር በረዶዎች በዓመት ከአሥሮች እስከ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይጓዛሉ፤ በምዕራብ ግሪንላንድ የሚገኘው የያኮብስሃቭን ግግር በረዶ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የሙቀት ወራት በቀን ከ40 ሜትር በላይ ሲጓዝ ተለክቷል።

ሰሜን ኮከብ

ድንጋይ አንባቢ የሰጡት ማብራሪያ የተሟላ ስለሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ ልመልስ። በረዶው ፈጽሞ ሽቅብ ወደ መነሻው አይመለስም። የግግር በረዶ የላይኛው ክፍል በዓመት ውስጥ ከሚቀልጥበት ይልቅ የሚጨመርለት ይበልጣል፤ በታችኛው ክፍል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የላይኛው ትርፍ እየፈሰሰ የታችኛውን ጉድለት ይሞላል። ጫፉ የሚቆምበት ቦታ የሚወሰነው በሚመጣውና በሚጠፋው መካከል ባለው ሚዛን ነው። ለምሳሌ በጫፉ አካባቢ በረዶው በዓመት 50 ሜትር ወደ ፊት ተጉዞ ከፊቱ 70 ሜትር የሚሆነው ቢቀልጥ፣ ተመልካች የሚያየው ጫፉ 20 ሜትር ወደ ኋላ መሸሹን ነው፤ በረዶው ራሱ ግን አንድም ቀን ቁልቁል መውረዱን አላቋረጠም።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሁለት ታሪኮች አሉ። ስዊዛዊው ፍራንዝ ዮሴፍ ሁጊ እ.ኤ.አ. በ1827 በኡንተራር ግግር በረዶ ላይ አንዲት ጎጆ ሠርቶ ነበር፤ ሌላው ስዊዛዊ ሊዊ አጋሲ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ወደዚያ ሲደርስ ጎጆዋን ከመጀመሪያ ቦታዋ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ወርዳ አገኛት። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 በሞን ብላን ተራራ ላይ ሦስት መንገድ መሪዎች በአመዳይ ናዳ ተወስደው በንቃቃት ውስጥ ተቀበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዴቪድ ፎርብስ የበረዶውን ፍጥነት ለክቶ አስከሬናቸው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በታችኛው ጫፍ ብቅ እንደሚል ተነበየ፤ እንዳለውም እ.ኤ.አ. በ1861 አጽማቸውና ቁሳቁሳቸው በቦሶን ግግር በረዶ ጫፍ መውጣት ጀመረ። እነዚያን ቅሪቶች በርካታ ኪሎ ሜትር አጓጉዞ ያወጣቸው ይኸው የማያቋርጥ ቁልቁል ጉዞ ነው።

መልክዐ ምድር ወዳድ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሚዛኑ ነገር አሁን ግልጽ ሆኖልኛል። ነገር ግን የመንገድ መሪዎቹ ታሪክ ሌላ ጥያቄ አስነሣብኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 በኢጣሊያና በኦስትሪያ ድንበር ላይ የተገኘው ኦትዚ የተባለው የጥንት ሰው አስከሬን ከ5,000 ዓመታት በላይ በበረዶ ውስጥ በተራራው አናት አቅራቢያ ሳይነቃነቅ እንደቆየ አንብቤአለሁ። በረዶ የያዘውን ሁሉ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ወደ ታች የሚያወጣ ከሆነ እርሱን እንዴት ተወው? ሦስተኛው ጥያቄዬም ገና አልተመለሰም።

የሸለቆ ልጅ

የጠየቁት ነገር ሦስተኛውንም ጥያቄ ለመመለስ በር የሚከፍት ስለሆነ ሁለቱን አያይዤ ባቀርብ እመርጣለሁ። ኦትዚ የተገኘው ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዐለት መካከል ባለ ጠባብ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ጎድጓዳው ከበረዶው የጉዞ አቅጣጫ ጋር አግድም ስለተቀመጠ የዐለቱ ጠርዞች ከለሉት፤ በውስጡ ያለው በረዶም ስስና ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ነበር። ከላይ የሚያልፈው በረዶ ሲጓዝ በጎድጓዳው ውስጥ የነበረው ባለበት ቆየ። በሞን ብላን የወደቁት ግን በወፍራምና በፈጣን ጅረት መሐል ነበሩ።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር አንድን ጉብታ ወይም ጎድጓዳ ብቻ የሚመለከት አይደለም። በብዙ መጻሕፍት ግግር በረዶ በሄደበት ሁሉ ምድርን እንደሚፈልጥ ተደርጎ ይጻፋል፤ ይህ አባባል መታረም ያለበት ይመስለኛል። ወለሉ ከመቅለጫው ነጥብ በታች ከሆነና በረዶው ከዐለቱ ጋር ከተጣበቀ መንሸራተት ስለሌለ ቡርቦራውም ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። በስካንዲኔቪያ ከፍታዎች ላይ ባለፈው የበረዶ ዘመን በወፍራም በረዶ ተሸፍነው የነበሩ፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበራቸውን የተነባበረ ቋጥኝና የጥንት ገጽታ እንደያዙ የተገኙ ኮረብታዎች አሉ። በእነዚህ ሥፍራዎች በረዶው ምድሩን ከመፈልፈል ይልቅ ሸፍኖ ጠብቆታል። ከእነርሱ ብዙም ሳይርቅ በረዶው ወፍሮ ወለሉ እርጥብ በሆነባቸው ሸለቆዎች ግን ዐለቱ በመቶ በሚቆጠሩ ሜትሮች ተቦርቡሯል። አንድ ዓይነት የአየር ጠባይ፣ አንድ ዓይነት ዐለት፣ አንድ ዓይነት በረዶ ባለበት ውጤቱን የለያየው ከሥር ውሃ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ስለ ግግር በረዶ ቅርጽ አውጪነት ስንነጋገር ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ወለሉ እርጥብ ነበር ወይስ የረጋ የሚለው ነው ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

አሁን ለስላሳው ጠንካራውን እንዴት ፈለፈለው ወደሚለው እመጣለሁ። ንጹሕ በረዶ ግራናይትን ሊፍቅ አይችልም፤ በዚህ ጥርጣሬዎ ትክክል ነዎት። የሚፍቀው በበረዶው ሥር የተተከለው ድንጋይ ነው። በረዶው በወለሉ ላይ ሲንሸራተት ከሥሩ የያዛቸው ስባሪዎች ከላይ ባለው ክብደት ተጭነው ዐለቱን ይሞርዱታል። ሁለተኛው ሥራ መንቀል ነው። ከዐለት ጉብታ ጀርባ በረዶው ከወለሉ ስለሚላቀቅ ባዶ ክፍተት ይፈጠራል፤ በዚያ የሚጠራቀመው ውሃ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ሲል የዐለቱ ስንጥቆች እየሰፉ ይሄዳሉ፣ በመጨረሻም የላላው ቁራጭ ተነቅሎ ከበረዶው ጋር ይጓዛል። የተነቀለው ቁራጭ ደግሞ በተራው ቀጣዩን ዐለት የሚሞርድ መሣሪያ ይሆናል። መንቀል ባይኖር መሞረድ መሣሪያ ያጣ ነበር፤ ሁለቱ የሚደጋገፉት በዚህ መልክ ነው።

በረዶው ለቆት የሄደን አንድ የዐለት ጉብታ ቀርቦ ማየት ይህን ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል። በረዶው በመጣበት በኩል ያለው ገጽ ለእጅ ልስልስ ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚወጣ ተዳፋት ነው፤ ፀሐይ በአግድም ስትመታው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ፣ ከጭረቶቹም አንዳንዱ ጣት የሚያስገባ ቦይ ይሆናል። ጉብታውን ተሻግሮ ጀርባውን የተመለከተ ሰው ግን የተገመሰ፣ ደረጃ ደረጃ የሠራና ጠርዘ ስል የሆነ ግድግዳ ያገኛል። ፊቱ የተሞረደ፣ ጀርባው የተነቀለ ነው። ከሺህዎች ዓመታት በኋላ የበረዶውን አቅጣጫ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ታማኝ ምልክት የለውም። ከመሞረዱ የሚወጣው ዱቄት ደግሞ እጅግ የላመ ስለሆነ በውሃ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ሳይዘቅጥ ይንሳፈፋል፤ በካናዳ የሚገኘው የሉዊዝ ሐይቅ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ መልክ የሚያገኘው ብርሃን በዚህ ዱቄት ላይ ስለሚበተን ነው።

ወንዝ የሚቆፍረው በመስመሩ ብቻ በመሆኑ ተራራማ ሥፍራ ላይ ያለ የወንዝ ሸለቆ ሥሩ የሾለ ይሆናል። ግግር በረዶ ግን ሸለቆውን ከወለል እስከ ግድግዳ ስለሚሞላ ወለሉ ሰፊ፣ ዳርና ዳሩ ቀጥ ያለ፣ የ«ሀ» ፊደልን ቅርጽ የያዘ ሸለቆ ትቶ ይሄዳል። በስዊዘርላንድ የሚገኘው የላውተርብሩነን ሸለቆ የታወቀ ምሳሌ ነው። ገባር የነበሩት ትንንሽ ግግር በረዶዎች እንደ ዋናው ጠልቀው ስለማይቆፍሩ ሸለቆዎቻቸው ከፍ ብለው ተንጠልጥለው ይቀራሉ፣ ውሃቸውም በፏፏቴ ይወርዳል። በተራራው አናት ዙሪያ በተለያየ አቅጣጫ የሚቦረቡሩ ግግር በረዶዎች ደግሞ ወደ ኋላ እየገፉ ሲቀራረቡ መሐሉን እንደ ማተርሆርን ባለ ሾጣጣ ጫፍ ይተዉታል።

የተነቀለው ሁሉ የሚራገፍበትም ቦታ አለ። በጫፉና በዳርቻው የሚከመረው የድንጋይ፣ የአሸዋና የሸክላ ቅልቅል ሞሬን ይባላል። ወንዝ የተሸከመውን በመጠን በመጠን ለይቶ ሲያስቀምጥ ግግር በረዶ ቤት የሚያህለውን ቋጥኝ ከላመው ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ስለሚጥል ሞሬንን ከወንዝ ደለል መለየት አይከብድም። በካናዳ፣ በአልበርታ ሜዳ ላይ በኦኮቶክስ አቅራቢያ 16,500 ቶን ያህል የሚመዝን ቋጥኝ ብቻውን ተቀምጧል፤ የመጣውም በመቶዎች ከሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ ከሮኪ ተራሮች በናዳ በግግር በረዶ ላይ ወድቆና በዚያው ተጭኖ ነው። ውሃ እንዲህ ያለውን ሸክም በሜዳ ላይ ሊያንቀሳቅስ አይችልም።

መልክዐ ምድር ወዳድ

በእውነት ብዙ ተምሬአለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅ። የኖርዌይ ፊዮርዶች፣ ማለትም ባሕር ገብቶባቸው የሚገኙት ጠባብና ጥልቅ ሸለቆዎች፣ ግግር በረዶ የቆፈራቸው ናቸው ይባላል። ባሕሩ ዝቅ ብሎ በነበረበት ዘመን ወንዝ ቆፍሯቸው ኋላ ባሕር ገባባቸው ቢባል ምን የሚያፈርሰው ማስረጃ አለ?

ድንጋይ አንባቢ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በጥልቀቱ ልክና በወለሉ ቅርጽ ላይ ይገኛል። ያለፈው የበረዶ ዘመን እጅግ በጸናበት ወቅት፣ ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ እጅግ ብዙ ውሃ በየብስ ላይ በበረዶ መልክ ስለተያዘ የዓለም ባሕር አሁን ካለበት ወደ 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ሶኝ የተባለው ትልቁ የኖርዌይ ፊዮርድ ግን ጥልቀቱ 1,300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወንዝ ከሚገባበት ባሕር ወለል በታች ብዙ ሊቆፍር ስለማይችል የባሕሩ ዝቅ ማለት ከዚህ ጥልቀት አንድ አሥረኛውን እንኳ አያስረዳም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህም ይበልጣል። የሶኝ ፊዮርድ ጥልቅ የሆነው በመሐሉ ነው፤ ወደ ውቅያኖሱ በሚከፈትበት አፍ ላይ ወለሉ ሽቅብ ወጥቶ ጥልቀቱ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወንዝ ከ1,300 ሜትር ጉድጓድ ወጥቶ ይህን ደፍ ሊሻገር አይችልም። ግግር በረዶ ግን ይሻገረዋል፤ ምክንያቱም የሚጓዝበትን አቅጣጫ የሚወስነው በዋናነት የላይኛው ገጹ ተዳፋት እንጂ የወለሉ ተዳፋት አይደለም። ገጹ ወደ ባሕር እስካዘነበለ ድረስ ከሥር ያለው በረዶ ሽቅብም ቢሆን ይገፋል። የሚቆፍረውም ከባሕር ወለል በታች ነው፤ በረዶ ሊንሳፈፍ የሚችለው የውሃው ጥልቀት ከበረዶው ውፍረት ዘጠኝ አሥረኛ ገደማ ሲደርስ በመሆኑ ከዚያ የሚበልጥ ውፍረት ያለው በረዶ ሳይንሳፈፍ በወለሉ ላይ እንዳረፈ እየተንሸራተተ ዐለቱን ይሞርዳል። በመሐል ብዙ ገባሮች ተደምረው በጠባብ ግድግዳዎች መካከል ሲያልፉ በረዶው ወፍሮና ፈጥኖ ነበር። አፉ ላይ ሲደርስ ግን ግድግዳ ስለማይይዘው ወደ ጎን ተዘርግቶ ይሳሳል፣ ቀጥሎም መንሳፈፍና እየተገመሰ መሄድ ይጀምራል፣ ቁፋሮውም በዚያው ያበቃል። በስኮትላንድ፣ በቺሊ ደቡባዊ ዳርቻና በኒውዚላንድ ያሉ ፊዮርዶችን የጥልቀት ካርታ ቢመለከቱ ተመሳሳይ ደፍ በአፋቸው ላይ ያገኛሉ።